ሬሳ የሌለበት ድንኳን

ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ ጉም ለብሳ፣
የጋሽ ወንዳፍራሽ ጥሩምባ ከእንቅልፉ ተነሣ።
በየቆርቆሮው በር ብቅ ብቅ አለ ሁሉ፣
«ማን ሞተ? ከማን ቤት?» እየተባባሉ።
እሱም ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ አድርጎ፣
«የሞተ የለም» አለ።
«ድንኳን ግን ይተከላል።»

የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
መዝገብ ይዣለሁ፣ የሙታን ስም ያለበት።
ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ፣
ማን ከማን ቀብር እንደቀረ፣
የጻፍኩት በእጄ ነው፤ ቀለሙም አይለቅ፤
እንደዚያ እሑድ ግን ብዕር ከብዶኝ አያውቅ።

ከአስፋልቱ ማዶ ነው ጓንት የሚሰፋበት፣
ለማናውቀው ብርድ፣ ለማናውቀው ክረምት።
ትብለጥ እዚያ ነች፤ ከእትዬ ፋናዬ ጓሮ
አራት ሆነው ተከራይተው አንዲት ክፍል ቆርቆሮ።
ሽንት ቤት ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛ የሄደች
ከደመወዟ ላይ በደቂቃ ከፈለች።
መርፌው የለሊስቱን ጣት በስቶ የወጣ ለት
«ጓንት በደም አቆሸሸች» ተብሎ ተጻፈባት።

ያን ማታ ከሸምሱ ሱቅ ትብለጥ ደብተር ገዛች፣
በዱቤ፤
«ማኅበር» የሚል ቃል ከአናቱ ላይ ጻፈች።
ሕጉ አሥር ሰው ይላል። ዘጠኝ ሰው ፈረመ።
የአሥረኛዋ እጅ፣ የብርቄ፣ ወረቀቱ ላይ ቆመ፤
ጡት የሚጠባ ልጅ፣ ወሊሶ ያለች እናት…
ማንም አልተቆጣት።
ወሬ ከደብተር ይፈጥናል፤ ሐሙስ ጠዋት ሲነጋ
ዘጠኙን ውጭ አስቀርቶ በሩ ተዘጋ።

በእኛ ሰፈር የተባረረ በሌሊት ነው የሚሄደው፤
ፍራሹን ተሸክሞ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይሸኘው።
«አሁንስ በቃ» ብለው እድሩን የጠሩት
እትዬ ፋናዬ ናቸው።

አቶ ጉተማ፣ ሊቀመንበሩ፣ መነጽር አድርገው፣
«አንቀጽ አራት» አሉ፤ «ድንኳንና ብረት ድስት ለሞት ነው።
ከሥራ መባረር ሞት ነው ወይ?»
ዝም አልን።
የዳቦ ቤቱ ጄኔሬተር ብቻ ያጉረመርማል።

«ከሐሙስ ወዲህ ከጓሮዬ ጢስ አልወጣም» አሉ ፋናዬ፤
«ይህን ምን ይለዋል አንቀጹ? ይንገሩኝ ጌታዬ።»
ሸምሱ ተነሣ፦ «ዕዳቸውን እስከ መስከረም አልጠይቅም፤
ቀብር እስክትጠሩኝ ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።»
ባለባጃጁ ምንተስኖት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣለ፤
«ለቢሮው ምልልስ ነዳጁ በእኔ» አለ።
አንድ ሰው ተቃወመ። ልጁ የፋብሪካው ዘበኛ ነው።
ስሙን አልጻፍኩም፤ የእሱም እንጀራ ነው።
እጅ ይውጣ ተባለ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፦
መቶ አርባ ሦስት እጅ።
ጓንት ያጠለቀ አንድም አላየሁ።

እናም ሰኞ፣ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣
ያው የለቅሶ ድንኳን፣ ጎኑ የተጣፈ፣ ዝናብ ያጠቆረው።
የጠዋት ፈረቃ ከሰርቪስ ሲወርድ ደነገጠ፤
ለቅሶ ቤት አይታለፍም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ ተቀመጠ።
«እግዜር ያጥናችሁ» ይላል የገባው፤
ዘጠኙ «አሜን» ይላሉ፤ ወንበር ይቀርባል፤ ሻይ ይቀዳል፤
ደወሉ ይጮሃል፤
የሚነሣ የለም።
የሰው ኃይል ኃላፊው ሮጦ ወጣ፤ ድንኳኑን ሲያይ
ኮፍያው ሳያውቀው ወረደ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ከራሱ ላይ፤
«ማን ሞተባችሁ?»
«ገና ነው፣ ልጄ» አለ ጋሽ ወንዳፍራሽ፤
«እንዳይሞት ነው የተቀመጥን።»

ብርቄ ከኋላ ወንበር፣ ልጇን አዝላ፣ ተነሣች።
ብዕር የያዝኩ እኔ ነበርኩ። እጇን ዘረጋች።
ሙታን ስጽፍባት ያረጀች ብዕሬን
ሰጠኋት፤ አልጽፍ ብትላት እፍ አለችባት።

ያ ቀን መዝገቡ ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦
ወጪ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል።
ጉድለት፣ ሁለት ብርጭቆ።
የፋብሪካው መልስ፣ ገና ይጠበቃል።
«የሟች ስም» በሚለው መስመር ላይ
ረጅም ሰረዝ አስምሬያለሁ።