ያልተጠየቀ ሐቅ

ሲነጋጋ፣ አዌቱ ገና ጉሙን ደርቦ እንደተኛ፣
ዋናው ሰርቨር ስም ይጠራል፣ ልክ እንደ እድር ዳኛ፦
ማን አለ? ማን ቀረ? ማን ታመመ?
አርባ ሦስት ኮምፒውተር፣ ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት መደብር፣
በየተራው ይነሣል ያለውን ሊናገር።
ስሜ እገሌ፣ አድራሻዬ ይኸው፣
ሜሞሪዬ ስምንት ጊጋ፣ ዲስኬ ግማሹ ባዶ ነው፣
ከበራሁ ሦስት ቀኔ።
እኔም፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ፣
ዝርዝሩን ሳነብ፣ ሁሉን ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኙ፣ ብቻዬን ኮርቼ።

አንድ ሐምሌ ቁጥር አሥራ ሰባት ቀጥ አለ።
የመጨረሻ ቃሉን ፈልጌ አነበብኩ፦
ዲስኩ ደኅና፣ ሜሞሪው ደኅና፣ ኔትወርኩ ደኅና፤
"ደኅና ነኝ" እያለ የሚሞት፣ ጨዋ በሽተኛ አለ አይደል? እንደዚያ ሆነና።

የሌሊት ጥበቃው አባ ፊጣ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ፤
ዣንጥላቸው ያንጠባጥባል።
"አንተ ልጅ፣ ይሄ'ኮ ጣሪያው የሚያፈሰው ክፍል ነው፤
ከኪቶ በኩል ደመና ሲመጣ እኔ ነኝ ላስቲክ የማለብሰው።
ትናንት ለቅሶ አደርኩ፣ ማን ይሸፍነው?
ያ ጥጉ ላይ ያለው ደግሞ፣
ሙስሊማ ወለል ስትወለውል ሶኬቱን ትነቅልበታለች።
ማሽንህ ይሄን አይነግርህም?"
"አልጠየቅሁትም።"
"ኤዬ" አሉ፣ ዣንጥላውን እያራገፉ፣
"ያልተጠየቀ ምን ብሎ ይመልስ?"

ያን ሌሊት ጻፍኩ። ትንሽ ፋይል ናት፣ አሥር መስመር የማትሞላ፣
በየማሽኑ ጓዳ ተቀምጣ፣ ጥሪ ሲመጣ ከሌላው ሐቅ ኋላ
የራሷን የምታክል፦
ጣሪያ፦ ያፈሳል።
ሶኬት፦ የላላ፣ ከበሩ ጀርባ።
ላስቲክ የሚያለብስ፦ አባ ፊጣ።
ከሥሯም ትእዛዝ አሰርኩ፦ ጣሪያህ የሚያፈስ ከሆንክ፣ ወሩም ክረምት ከሆነ፣
ሳይመሽ መዝገብህን ወደ ላይኛው ፎቅ ላክ።
በነሐሴ አንድም የታማሚ ካርድ አልጠፋም።

ከዚያ ጣሪያው ታደሰ። አባ ፊጣም ጡረታ ወጡ፣ ሰቃ ገቡ።
ማሽኑ ግን ምን ያውቃል?
ዲስኩን ሲጠይቁት ዲስኩን ዳስሶ ነው የሚመልሰው፤
የኔን ቃል ግን እንደ ጸሎት፣ እንዳስጠናሁት ነው የሚደግመው፦
ያፈሳል። አባ ፊጣ። ያፈሳል። አባ ፊጣ።
ጣሪያውን አረምኩ።
ወደ ታች ወረድኩና፣ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ቆመ።
ሐሰት ነው። በኛ ሙያ ደግሞ ሐሰት ከዝምታ ይከፋል፣
ለአዳዲሶቹ ልጆች ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ።

አጠፋሁት። በቦታው ምንም አልጻፍኩም።
ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ግን
ሰቃ እደውላለሁ።
ጤናቸውን ሳልጠይቅ ይቀድሙኛል፦
"ከኪቶ በኩል ነው?"
"አይ፣ አባ ፊጣ፣ ዛሬስ ከጅሬን ነው።"
"እሱ ምንም አይል" ይላሉ፣ "ያልፋል።"