ፍቅ

ሰቨርን ወንዝ ዳር ነን፣ ጭጋግ በማይለቀው፤
ቀለሜ ቀዝቅዞ በትንፋሼ ሳሞቀው፣
በጾም እኩሌታ፣ ፈረሱን አድክሞ፣
ከበራችን ደረሰ አንድ ሰው ቃል ተሸክሞ።

«ንጉሥ ዉልፍሪክ» አለኝ፣ «ሙሽራ ሊያመጣ ነው፤
አባ ኦስበርን ሆይ፣ ብዕርህን አንሣው።
የልጅቱ አባት፣ ከባሕር ማዶ ያለ፣
‹ዘሩን ሳላነብ ልጄን አልሰጥም› አለ።
ከአዳም ጀምረህ እስከ እሱ ድረስ ጻፍ፤
በወርቅ፣ በቀይ ቀለም፤ አንድም ስም አይለፍ።»

አሥራ ሁለት ሌጦ፣ ተፍቆ፣ ተዳምጦ፣
ጫፍ ለጫፍ ተሰፍቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፤
በጉልበቴ ድኼ ክብ ክቡን ሣልሁት፣
የወይን ሐረግ ስቤ አባት ከልጅ አሰርሁት።
ከአዳም እስከ ኖኅ መጽሐፍ ነበረኝ፤
ከዚያ ወዲህ ግና መንገዱ ጠፋብኝ።
ምን ይደረግ? ሞላሁ። ስም ፈጠርሁ። ዋሸሁ።
መነኩሴ ሆኜ ስድስት ልጅ ወለድሁ።

የቅርቡን ግን አውቃለሁ። አያቱ ሴወል፣
በአንድ ጆሮ ብቻ የተረፈ ከጦር መሐል።
አባቱ ኦስመር፣ በዓሣ እሾህ የሞተ፣
እየሳቀ ታንቆ ከማዕድ የተጎተተ።
ዉልፍሪክም ራሱ፣ በሰባት ዓመቱ
መያዣ ተሰጥቶ ለአባቱ ጠላቱ፣
በባዕድ ግንብ አድጎ፣ በባዕድ ቋንቋ አልሞ፣
በአሥራ አምስት ነገሠ፣ ዘውዱን በጆሮው አቁሞ።

ከሴወል ጎን ደግሞ ኤዲቫን አስቀመጥሁ፤
‹የቶርጊል ልጅ› ብዬ አባቷን ጠቀስሁ።
ቶርጊል ቆዳ ፋቂ ነው፣ ከወንዙ ታች መንደር፤
ሽታው ቀድሞት ሲመጣ ሰው ፊት ያዞርበት ነበር።
ሴወል ግን አላዞረም።

መልእክተኛው አየ፤ ጣቱን ጫነባት።
«ይቺን ፋቃት» አለኝ፣ «ማንም እንዳያውቃት።»
ፋቂን ለመፋቅ ብዬ ፋቂ ሆንሁ ራሴ፤
የቆዳው ብናኝ ሞላ እጅጌና ቀሚሴ።
ብራናው ራሱ በማን እጅ ለሰለሰ?
ከአዳም እስከ ዉልፍሪክ በማን ላይ ነገሠ?
ብዬ አልጠየቅሁም። ጾም ነበር፤ ፈራሁ።
በፍቁ ላይ ሐረግ፣ ቅጠል ደራረብሁ።

ሠርጉ ሆነ። ልጅ መጣ፤ ሁለትም ተቀበረ፤
ንጉሡ እንደ መወርወሪያ ከድንበር ድንበር ኖረ።
በሐሩር ወራት አንድ ቀን ከሰፈሩ ያዘው ንዳድ፤
በሦስተኛው አለቀ፣ በጋጣ፣ ያለ ዘመድ።
አገሩ ሩቅ ነው፤ ሬሳው ሊሸት ጀመረ።
«በበሬ ቆዳ ስፉት» አለ አንዱ የመከረ።
ማን ይስፋው? መኳንንቱ አፍንጫቸውን ያዙ፤
ከሠራዊቱ ጓዝ አንድ ፋቂ አዘዙ።
ስሙ ኬቲል ይባላል፤ የቶርጊል የልጅ ልጅ፤
ለሟቹ ሥጋው ነበር፣ ማንም አልነገረው እንጅ።
በሰም የታሸ ክሩን በጥርሱ ላይ ነክሶ
ከእግር ጀምሮ ሰፋው። ፊቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤
አየውና፣ ቀጠለ መልሶ።
አለቀሰ አልልም። አላየሁም።

ዛሬ ጥቅሉን ፈታሁ፣ የሞቱን ቀን ልጽፍ፤
ዓይኔ ፈዟል፤ ጣቴ ግን ቆመ በፍቁ ሲያልፍ።
ከባሉጥ የተቀመመ ቀለም ነክሶ ነው የሚጽፍ፤
መስኮቱ ጋ ሳዘነብለው፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ቡኒ ሆኖ
‹ኤዲ…› ይላል።

ብዕሬን አጠቀስሁ፤ መልሼም አስቀመጥሁ።
ይልቅ የገዳሙን የሒሳብ መዝገብ ገለጥሁ፤
በሻማና በገለባ ዋጋ መካከል፣
ማንም በማያነበው ገጽ ላይ፦
‹ለኬቲል፣ ለቆዳና ለክር፣ ስምንት ፔኒ።›
ከስሙም ጎን፣ በደቃቅ ፊደል፦ ‹ዘመድ።›

ስምንቱ ፔኒ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።