ባለ ዘር

ሌሊቱን ሱሪ ላይ ዚፕ ስሰፋ አድሬ፣
ሐረጎን ወጣሁት በሚኒባስ ዛሬ።
መኪናው ሲጠማዘዝ እጄ አገጬ ላይ፣
በሻርፔ ጫፍ ጋርጄ፣ የጎኔ ሰው እንዳያይ፤
ትናንት የነቀልኩት ዛሬ በቅሎ አደረ፣
ከገዛ ቆዳዬ ሥር ጎረምሳ ሰፈረ።

የወር አበባዬ ወር መቁጠር ረስቷል፣
እንደ ጳጉሜ ሆኖ በዓመት አንዴ ይመጣል።
አምና ጳጉሜ እንኳ
ስድስት ሆና መጣች፤
የኔዋ ግን ቀረች።

አማቴ ሙህባ ግን ቀን አይስታትም።
ረመዳንን ሠላሳውን፣ አንድ ቀን ሳልፈታ ስጾም፣
ዓይኗን ሆዴ ላይ ጥላ፣ "አላህ ሰጠን መሰል?" አለች።
ምን ልበላት?
ቀዷ የሌለው ጾሜ
በሐሰት መሰከረልኝ።
ሁለት ወር ሙሉ የበግ መረቅ አጠጣችኝ፤
በሦስተኛው አቆመች።
ባሌ ሸምሱ ምንም አይልም።
ማበጠሪያ ሲፈልግ ወረንጦዬን ያገኘዋል፣
አንሥቶ ያየዋል፣
ከነበረበት ይመልሰዋል።

ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፣
ጥቁሩን ነጠብጣብ በእስክሪብቶ ነካችው፦
"ዶቃ መስሎ ዙሪያውን የተደረደረ፣
እንቁላል ነው ሁሉም፣ ሳይበስል የቀረ።"
"ተልባና አብሽ ልሞክር?" ብዬ ብጠይቃት፣
ሜትፎርሚን ጻፈችልኝ፣ ሳቅ ብላ እንደ እናት።
"ብዪ፤ ማን ከለከለሽ።
እንደ እህል ግን፣ እንደ ተአምር አይደለም።
ኪኒኑንም እንዳትተዪ።"

ሰኞ ነው፤ ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ከጦሳ፣
መንገዱ አይለይም ሙጋድ ከፒያሳ።
ሸራ ሥር ተቀምጣ፣ ከረጢት ከብቧት፣
ጦይባን አገኘኋት፣ "ባለ ዘር" የሚሏት።
ተልባው እንደ ሐር ነው፣ ጣት ሲነካው ይሸሻል፣
አብሹ ገና ከሩቅ መራራ ይሸታል፣
ጥቁር አዝሙድ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ የዱባ ፍሬ፤
ጆሮዋ ሥር ጎነበስኩ፣ ሳላበዛ ወሬ።

አላስጨረሰችኝም።
"ጨረቃ ስትወለድ ተልባ በዱባ ፍሬ፤
ከሞላች በኋላ ሰሊጥ በሱፍ።
ወቅጠሽ። በጧት። አንድ ማንኪያ።"
"የኔ ጨረቃ አትወለድም" አልኳት፤ "ከየቱ ልጀምር?"
"እስክትወለድ
የሰማዩን ተዋሺ።"

"ይሠራል?"
ይኸን ስል ነፋሱ ሸራውን አነሣ፣
ጉፍታዋንም ገለጠው፤
አገጯ ላይ፣ ምላጭ የለመደ ሽበት፣
ስድስት ሰባት ክር።
አልሸፈነችውም።
"ስንት ወለድሽ?" አልኳት፣ አፌ አምልጦኝ።
ከረጢቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ አሳየችኝ።
"ይኸው። ባለ ዘር ያሉኝ ዘር ስለሌለኝ ነው፤
ደሴ ቀልድ መች ቸገራት።
ሁሉንም ሞክሬያለሁ፣ አንችዬ።
አንዳንዱ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው።"

በጣሳ ሰፈረች፣ ከላይ ቆልላ ሞላች፣
አንድ ጭብጥ ጨምራ፣ "ይህ ምርቃት" አለች።
እጇ ከረጢቱ ላይ ትንሽ ቆየ።
ሌላ ምርቃት አልነበራትም።
"ውለጂ" አላለችኝም።

መነኸሪያ ስደርስ ላስቲኩ ከሥሩ ተቀደደ፣
ተልባው እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር፤
ሻርፔን ፈትቼ ቋጠርኩበት።

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከኋላ ቀረ።
ቋጠሮው ጭኔ ላይ፣ አገጬ ፀሐይ ላይ።
ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ መቁጠሪያ ይዘዋል።
"አያ፣ ጨረቃ ዛሬ ስንት ናት?" አልኳቸው።
አዩኝ። አገጬንም አዩ።
በጣታቸው ቆጠሩ፣ አንዴ ተሳሳቱ፣ ደገሙት።
"አሥራ ሁለት" አሉኝ።

እንግዲያ ተልባ ላይ ነኝ።