ገልባጭ ጋሪ

ዳማ በሰኔ ሐሩር ቆሞ እንዳለ ሞተ፤
አጎቴ ሙሜ ግን ጋሪውን አልሸጠም፣
ግንብ አስደገፈና ዝም ብሎ ሰነበተ።
ሁለቱ ዘንጎች ወደ ላይ ተዘርግተው
ዱአ የሚያደርግ ሰው ይመስሉ ነበረ፣
ዶሮ ከሥሩ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣
ጠፍሩ በፀሐይ እየተሰባበረ።

እኔም ከደወሌ፣ ከጉምሩክ ሐራጅ ላይ
ባለ አራት እግር ሞተር ገዝቼ መጣሁ፤
ቀለሙ የተላጠ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣
ዋጋውን ለእናቴ ግማሹን አወራሁ።
«ገብስ ይበላል?» አለኝ አጎቴ። «ቤንዚን ነው።»
«ሲታመምስ ይተኛል?» «ቆሞ ነው የሚታመመው።»
ዙሪያውን ዞረና ጎኑን መታ መታ፣
«እንግዲያው ፈረስ ነው» ብሎ ደመደመው።

አፈተኢሳ ወስደን ለቡሽራ ሰጠነው፣
ለዚያ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ ለተነቀሰ።
ዘንጎቹን ቆረጠ። አጎቴ ዞር አለ፣
ሚስማር እንደ ጠፋው ሰው መሬት ዳሰሰ።
ከአሮጌ ፉርጎ የተገፈፈ ላሜራ
ቁጥሩ እንኳ ሳይፋቅ ሆድ ሆኖ ገባለት፤
ከኋላው ማጠፊያ፣ ከፊቱ ቀዳዳ፣
ለመቀርቀሪያነት አንድ የብረት ጣት።

መጀመሪያ ሥራችን የእትዬ ዘነቡ ግቢ።
«ጎርፉን የጠራው ስሟ ነው» አለ ሙሜ እየሳቀ፤
ደቻቱ በሌሊት አጥር ጥሶ ገብቶ
ግቢው እስከ መስኮት አሸዋ ታጠቀ።
የኒም ቅጠል፣ ጡብ፣ የበሰበሰ ፍራሽ፣
ግማሽ በር፣ ከማን ቤት እንደመጣ አይታወቅ፣
ሥሩ ወደ ሰማይ የዞረ ፓፓያ—
እትዬ በረንዳ ላይ፣ አንድ ምልልስ አንድ ጠጠር፣
ትቆጥራለች፣ ቤቷን እንዳረገችው ገበያ።

ሞላን። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጎማው ሰመጠ፤
አጎቴ ከጭቃ መከላከያው ላይ ተፈናጦ
«ች፣ ች፣ ች» ይለዋል ያን ቤንዚን በሊታ፣
በሌለው ጅራፉ አየሩን ቆርጦ።
ሮቃው ሥር ስንደርስ «ቁም!» አለኝ። ቆምኩለት።
ዳማ እዚህ ነበር ሁልጊዜ የሚጠጣ።
ሞተሩ ግሎ ይሆን ብዬ ስመለከት
ጀሪካን አንሥቶ ወደ ፀሐይ ወጣ፣
ጎማው ላይ አፈሰሰ፣ በመዳፉ አሸው፣
«አሁን ንዳ» አለኝ፤ ነዳሁ፣ ቃል ሳላወጣ።

መድፊያው ጉድጓድ አፍ ላይ በጀርባ ተጠጋሁ።
አጎቴ አካፋውን ጨብጦ ወረደ፣
እንደ ጥንቱ ግማሽ ቀን ሊዝቅ፣ ላቡን ሊያፈስ።
መቀርቀሪያዋን ብቻ በጣቴ ሳብኳት፤
ሆዱ ቀና አለና
ሽሽሽሽ ብሎ
አሸዋው በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሄደ።
አቧራው እስኪያልፍ አካፋውን ተመርኩዞ፣
ወገቡን በግራ እጁ ይዞ፣
ቆየና ጠየቀኝ፦ «ሸክም እንዲህ ከሆነ የሚወርደው፣
የኔ ወገብ ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን በድሎ ነው?»

በሰባተኛው ዙር ከአሸዋው ውስጥ ማንኪያ ወጣ፣
አንዲት የልጅ ጫማም፣ ክሯ እንደታሰረ።
እትዬ ዘነቡ በቀሚሷ ጠረገቻት፣
ጠጠር መቁጠሩ ቀርቶ ፊቷ ተቀየረ።
«የኔ አይደለም» አለች፣ «የላይ ሰፈር ነው ይሄ»፣
መስኮቱ ላይ አኖረቻት ከጠጠሮቹ ጎን፣
ጫፏን ወደ መንገድ አዙራ፣
የመጣ ሰው ቢኖር ሳያንኳኳ እንዲያያት።
ሞተሩን አጥፍተን ትንሽ ቆምን።

ሲመሽ ሒሳብ ሆነ። አጎቴ «አሥራ አራት»፣
እትዬ «ጠጠሩ አሥራ ሦስት ነው» አለች።
ድሬ አንቱታ አታውቅም፤
«አንተ ሽማግሌ!» «አንቺ ቋጣሪ!» ተባባሉ፣
ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቷን አሰገገች።
በመጨረሻ የአሥራ ሦስቱን ተቀበለ፣
«አንዷን የበላት ደቻቱ ነው» አለ።

ማለዳ ላስነሣው ብወጣ ወደ ግቢ
የዳማ ልጓም ከመሪው ላይ ተንጠልጥሏል፣
ቆዳው ዘይት ጠጥቶ፣ ቃጭሉ ተወልውሏል።
አልጠየቅሁም እኔ፣ እሱም አልነገረኝ፤
ቁልፉን አዞርኩት፣
ሳቢያን ድረስ ከነቃጭሉ ነዳሁት፣
መንገደኛው ሁሉ ፈረስ መጣ ብሎ
ጥግ እየያዘልኝ።