ውሃ ልክ

ከላይ ላየው ያስቀናል፣ የኦርቪል ቀዩ ፖንቲያክ፤
ኮፈኑ እንደ መስታወት፣ ያሳያል የሰውን መልክ።
ከሥሩ ገብቶ ላየው ግን፣ ሻንሲው ስሙ ነው የቀረ፣
ጣት ሲነካው የሚረግፍ፣ ያደረ ቂጣ ነበረ።
በሎሬን በረዶ ሲጥል፣ መንገድ የሚነሰንሱት ጨው፣
ሃምሳ ክረምት ከታች ሲልስ፣ እሱ ነው የጨረሰው።
ጨውስ ለራሱ ጣፈጠ፤
ብረቱ ሟሟ፣ ቀለጠ።

«ተገዝቶ ይምጣ» አልኩ እኔ።
«የተገዛማ የሰው ነው» አለች ቨርና፣
«ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ኑና፣
እንወልደዋለን እንደገና።»

ቨርና በመርከብ ግቢ፣ ሠላሳ ዓመት የበየደች፣
ጭንብሏን ደፍታ ስታጎነብስ፣ እንደ ሹም የምትፈራ ነች።
ኤፍራይን የልኬት ሰው፣ ሜትሩን የማያምን፣ ዓይኑን የማያምን፣
አምስቴ ለክቶ በስድስተኛው፣ «ቆይ እስቲ» የሚለን።
እኔ ቆራጭ።
ኦርቪል ባለቤቱ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።
ሐኪሙ ለበሽታው ስም አውጥቶለታል፤
እሱ ግን ስሙን አይጠራም፣
«ሚኒሞዬ ተዛብቷል» ይላል።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ቱቦ፣ ሁለት ጣት አጥሮ ቀረ።
ማንም ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ግን ተናገረ።
ቨርና ቁራጭ ቀጠለችበት፣ ስፌቱን ሞርዳ አለሰለሰች፤
ዛሬም የት ላይ እንደሆነ፣ ጣቴ ብቻ ታውቃለች።

ከዚያ ውሃ ልኩን ብናኖር፣ አረፋዋ ወደ ቀኝ።
ቆረጥን፣ በየድን፣ አኖርን፤ አሁንም ወደ ቀኝ።
«ሙቀት ነው ያጎበጠው» አለ ኤፍራይን።
«የኔ እሳት አያጎብጥም፤ ይልቅ ያንን ሜትርህን፣ ያንን ዓይን...»
ብላ ሳትጨርስ፣ ነገር ነገርን አንስቶ፣
የዛሬ አርባ ዓመት አድማ፣ ከተቀበረበት ወጥቶ፣
ማን በብርድ ከበር ውጭ ቆመ፣ ቆርፍደው እስኪደሙ እጆቹ፣
ማን በጓሮ ሾልኮ ገባ፣ «ምን ላድርግ» ብሎ፣ ለልጆቹ።
ኤፍራይን ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።
ሁለት ማክሰኞ አልመጣ።

በሦስተኛው ግን መጣ፣ «ሞርሳዬን ልውሰድ» ብሎ፣
የልጁን ልጅ ኢቬትን፣ ባንድ እጁ አንጠልጥሎ።
ሁለቱ ላይተያዩ፣ ጀርባ ለጀርባ ሲዞሩ፣
ኳ! አለች ብይ ከልጅቱ ኪስ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከኋላ በሩ።
ቆመች። ያሰበች መሰለኝ።
ከዚያ ማንም ሳይገፋት፣
በሻንሲው ሆድ ሥር አልፋ፣
ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣
እስከ ትልቁ በር ድረስ፣
ተንከባለለች በቀስታ።

ለካ ወለሉ ነው!
ቀጥ ያለውን ብረት ይዘን፣
ጠማማ ወለል ደስ ይበለው ብለን፣
ሦስት ጊዜ አጣመምነው።
ቨርና ቀድማ ሳቀች። ኤፍራይን ሞርሳውን፣
ሳይናገር፣ ከነበረበት አሰረው።
አድማው ግን እንዳለ ነው፤
ማንም አላነሳው፣ ማንም አልተወው።

በሚያዝያ አካሉን አወረድነው፣ በሰንሰለት፣ ቀስ እያልን፣
ትንፋሻችንን ውጠን፣ «ግራ፣ ቆይ፣ ቀኝ» እየተባባልን።
ሁሉም ቀዳዳ ገጠመ፤ አንዲቱ ብቻ እምቢ አለች፤
ቡሎኗን በየተራ ሞከርን፣ የሁላችንን እጅ ናቀች።
ኦርቪል በጀርባው ተንሸራቶ ገባ።
ያ የማያርፍ እጁ፣ ቡሎኗን እንደያዘ ተንቀጠቀጠ፣
ዳር ዳሩን ሲያንኳኳ ቆይቶ፣ ጥርሱን አግኝቶ ሰመጠ።
ከሥር ድምፁ ብቻ መጣ፦
«አያችሁ? ሚኒሞዬ ልክ ነው።»

ሻንሲው ጥቁር ተቀብቷል፤ መሬት ያልተኛ አያየውም።
ጨው ሲነሰነስ አናወጣውም።
ወለሉንም አላቀናነውም፤
ፖንቲያኩ ባደረ ቁጥር፣ ከፊት ጎማው ሥር
አንድ ጡብ እናኖራለን፣
አለዚያ ቁልፍ የነካው ሳይኖር፣
ሌሊት፣ በራሱ ጊዜ፣
በሩን ገፍቶ ይሄዳል ብለን።