የቤት ቁጥር 417/ለ

መግቢያው ስልሳ አምስት ብር። ከፈልኩ፣ ቲኬት ቆረጥኩ።
በተወለድኩበት ቤት በር ላይ ተራ ያዝኩ።
ለቀበሌ በወር ስድስት ከሃምሳ ነበር፤
የአሥር ወር ኪራይ ነው፣ ይቺ ሰዓት ስትቆጠር።

ዙሪያው መስታወት ነው፤ ፎቁ ፎቁን ያያል።
እሪ በከንቱ መሀል አንድ ጭቃ ቤት ቀርቷል፤
ለታሪክ ነው አሉ። ጭድ ከጭቃ አቡክተው፣
የበሰበሰውን ማገር በአዲስ ለውጠው፣
ሰባራውን መስኮት እንደ ስብራቱ ሠርተው።

የአቡጀዲው ኮርኒስ፣ የግድግዳው ጋዜጣ፣
የኪራዩ ደረሰኝ ከነሽቦው ሳይወጣ፣
ሁሉም በቦታው ነው።
ጣሪያው ግን አያፈስም።

ሳፋችን ተቀምጧል፣ እዚያው፣ ከአልጋው እግር ሥር፤
ክረምቱን ሙሉ ሌሊት ጠብታ ሲቆጥር የሚያድር።
ደርቋል። ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «አይነካም»።
እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። አልነካም።

በመቃኑ ላይ ቁመታችን አለ፣ በእርሳስ፤
ሲያድሱት አድምቀው፣ መስመሩ እንዳይረሳስ፣
ታናሼን፣ ደግአረገን፣ ከኔ አስበልጠውታል።
እዚያ ድረስ አላደገም። ማን ይነግራቸዋል?

አስጎብኚዋ ልጅ ናት፤ ባጅ አንጠልጥላለች።
«ነዋሪዎቹ ለልማት ተነሱ» ትላለች።
ተነሱ። እውነቷን ነው። በሰኔ ዝናብ ተነሳን፤
ከተሰጠን ሰባት ቀን አምስቱን በአቤቱታ ጨርሰን።
ጋሽ ሽብሩ የበሩን ሳንቃ ነቅሎ ተሸክሞ፣
ልጁ አልጋውን ይዞ፣ መንገዱ ዳር ቆሞ፣
ኬሪያ የጋራ ቆጣሪውን ዕዳ ለአምስት ስታካፍል፣
«ሒሳብ ሳይዘጋማ ማንም አይሄድም» ስትል።

ከኋላዬ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ።
እኛም ተነሳን፣ እነሱም፤ አንድ ነው ቃሉ።

እናቴ የሻረግ ግጥም ታውቅ ነበር።
ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት ስሟ የሚጠራ።
«ቤት ካልመታ ምኑን ግጥም?» ትለን ነበር።
ያን ለት ዶዘሩ ጥርሱን አንስቶ ሲመጣ፣
ነጠላዋን አጣፍታ ከጭቃው ዳር ወጣችና፣
«ይሄስ ቤት ይመታል» አለች።
ሳቅን። አፈርን። ከዚያ ወዲያ
ስትገጥም አልሰማኋትም።

መውጫው ላይ መዝገብ አለ። ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻ።
ስሜን ጻፍኩ። አድራሻ ላይ ብዕሩ ቆመብኝ።
የምኖርበት ብሎክ አለ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከከተማው መጨረሻ፤
እጄ ግን 417/ለ ብሎ ጻፈብኝ።

ልጅቷ አነበበችው። «እማማ፣ ተሳስተዋል፤
የሚሞላው የመጡበት ነው» አለችኝ በትሕትና።
«አዎ» አልኳት፣ «የመጣሁበት ነው»፤
ዣንጥላዬን ከበሩ ጥግ አነሳሁና።