የኋሊት ተጓዥ

ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው፣ ከሮሁኩላ እስከ ሂዩማ ደሴት፣
መኪና እደረድራለሁ፣ ጎማ አስራለሁ በሰንሰለት።
የወተት ቦቴ፣ ግንድ ጫኝ፣ የሙሽራ መኪና ሳይቀር
ማዕበል ቢነሳ ንቅንቅ አይልም እኔ ያሰርኩት ነገር።
ታዲያ ዛሬ ታሊን ላይ፣ ከማዋለጃው ደጅ፣
እጄን ሰጠሁ ለወንበር፤ ለዚያውም የሕፃን ልጅ።

ሻጩ "ዓይንህን ጨፍነህ ትገጥመዋለህ" ብሎኝ ነበር፤
መመሪያው በስድስት ቋንቋ ነው፣ በስድስቱም የሚያደናግር።
ጣቴ ደንዝዟል። ቀበቶው ይሾልካል፣ እስበዋለሁ፣ ይሾልካል፤
ወንበሩ ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።
ኬርሊ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ታየኛለች፣ ኡኩን ታቅፋ፤
እጄን አነሳሁላት፣ "ጨረስኩ" ለማለት፣ ያለ ተስፋ።

ጋቢና ነበር ያሰብኩት፤ ከጎኔ፣
እየነዳሁ ፊቱ እንዳይርቅ ከዓይኔ።

በረዶ የምትዝቅ ሴትዮ አካፋዋን መሬት ተከለች።
"ጋቢና? ያ ፊት ለፊት ያለው ኤርባግ አልታየህም?" አለች።
"ሲፈነዳ ላንተ ትራስ ነው። ጀርባውን ለሰጠው
ለእሱ ግን ቡጢ ነው። ከኋላ አድርገው።"

ሳልሜ ትባላለች። ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀች፤
ቀበቶውን በሰማያዊው መስመር፣ ከእግሩ በኩል፣ አሾለከች።
"ጉልበትህን ጫንበት። በደንብ። አሁን ሳበው፣ አታባብለው!
ቀበቶው በሚያልፍበት ያዝና ነቅንቅ፤
ከጣት ስፋት በላይ ከሄደ አልታሰረም፣ ተቀምጦ ነው።"
ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጎኑ ያለውን ውሃ ልክ አየች፤
አረፋዋ መሃል እስክትቆም የወንበሩን እግር አስተካከለች።
"አንገቱ ገና ክር ነው" አለች፤ "ቀጥ ካደረግከው ራሱ ይከብደዋል፣
አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹ የት ይሄዳል?"

"ማን አስተማረሽ?"
አካፋዋን አነሳች። ሁለቴ ዛቀች።
"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጋጨ መኪና ጎትቻለሁ" አለች፤
"በፓይዴ መንገድ፣ ሌሊት ሌሊት።
አንዴ ኮፈኑ እንደ ወረቀት ተጨማድዶ፣ መሪው ወደ ኋላ ተጠግቶ፣
እንዲህ ያለው ወንበር ግን እንደታሰረ፤ ውስጡ አንድ እግር ካልሲ ቀርቶ።"
"ልጁስ?"
"እናቱ ይዛው ሄዳለች። አምቡላንስ ውስጥ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ።"
ቀጥላ፣ በረዶውን እያየች፣ "ሌላም አይቻለሁ።"
አልጠየቅኳትም።

ኡኩ ወረደ፣ አያቱ በላከችው ድርብ ቱታ ተጠቅልሎ።
አስወለቅነው። የሳልሜ ቃል ነው፦
ማሰሪያ ልጅ ይይዛል እንጂ ጥጥ አይይዝም።
ትከሻው ላይ ማሰሪያውን ልቆነጥጥ ሞከርኩ፤ ጣቴ ባዶውን ተመለሰ።
ብርድ ልብሱን ከላይ ደረብንለት። አንድ ጊዜ አስነጠሰ።

"በፊት" እንላለን ላለፈው፤ "በኋላ" እንላለን ለሚመጣው፤
ፊትና ኋላውን ቃሉ እንዳለ የተቀመጠ ይህ ልጅ ብቻ ነው።
ፊቱ የነበረው ነው፦ ሆስፒታሉ፣ አካፋዋ፣ የሳልሜ ቀይ ኮፍያ፤
ያልመጣው በጀርባው ይመጣል፤
ቢመታው እንኳ ወንበሩን ነው የሚያገኘው በቅድሚያ።

ባሕሩ ጠንክሯል ዘንድሮ፤ የበረዶው መንገድ ተከፍቷል፤
እሱን ብንይዝ፣ ጀልባ ሳንጠብቅ፣ ቤታችን ያደርሰናል።
ግን በረዶ ላይ ሕጉ ሌላ ነው፤ ቀበቶ ይፈታል፣
ቢሰበር ዘሎ ለመውጣት።
ቆም ብዬ አሰብኩ፦ እንዴት ነው የምፈታው
ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግዬ፣ በሰው ጉልበት፣ ዛሬ ያሰርኩትን?
ጀልባውን ጠበቅን።

ባልደረባዬ ጎማዬን በሰንሰለት ሲያስር ወርጄ ነቀነቅኩት።
"ምን ሆነሃል?" አለኝ። "ከጣት ስፋት በላይ ሄዷል" አልኩት።

ባሕሩ መሃል ስንደርስ በስፖኪዮ አየሁ፤ የሚታየው
የወንበሩ ጀርባ ብቻ ነው።
"ምን እያየ ነው?" አልኳት ኬርሊን፣ ከኋላ፣ ከጎኑ ለተቀመጠችው።
"ምንም" አለችኝ። "ተኝቷል።"